በማለዳ የሚበራው ስም

ጥር 8

ይድረስ ለወንድሜ፤

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ለመጀመር ብዕሬን ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ አስቀመጥኩት። ጤናችን ደህና ነው። አባባ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይስላሉ። ደህና ያልሆነው የጥርስ ሥራ ቤታችን ነው።

በስልክ ስትጠይቀኝ «ኢሜይሉ ትንሽ አስቸግሮን ነው» ያልኩህ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። አባባ ስልኩን ድምፁን ለቀውት መሃል ተቀምጠዋል። አንተ በዚያ በኩል «ምን ሆናችሁ?» ትላለህ፣ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ። በወረቀት የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ኢሜይሉን እንዳንነካው ተከልክለናል፤ ሌቦቹ ለሳምንታት ቁጭ ብለው ሲያነቡት ሰንብተዋል።

አዎ፣ ሌቦች። ሰኞ ጠዋት ስገባ ስክሪኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አውጥተው ጠበቁኝ። ፋይላችሁ በሙሉ ተቆልፏል፣ መክፈቻውን የፈለገ ገንዘብ ይክፈል ይላል። የጠየቁት ሥራ ቤቱን ከነጄሶው ብንሸጠው የማይሞላ ነው። የተማሩት ራንሰምዌር ይሉታል። እኔ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ፖስታ ቤት ያሉት ሰዎች ምን በደሉ።

የስንቱ ሰው ጥርስ ነው እዚያ ውስጥ የተቆለፈው! ሐኪሞቹ የላኩልን የድድ ልክ፣ እኛ የሠራነው ቅርጽ፣ ተጀምሮ ያላለቀው፣ አልቆ ያልተወሰደው። ትናንት አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጡና «የልጄ ሠርግ ላይ አፌን ይዤ ልቁም?» አሉኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ኮፒስ አልነበራችሁም ወይ ትለኛለህ። ነበረን። ኮፒ የሚይዘውን ዲስክ እንዳልረሳው ብዬ ከኮምፒዩተሩ ነቅዬው አላውቅም ነበር። ሌቦቹ እሱንም አብረው ቆለፉት። የጥንቃቄዬ ነገር ይኸው ነው።

አንዲት የኮምፒዩተር ጥበቃ ባለሙያ ቀጥረናል። ለምንም ነገር የመጀመሪያ መልሷ «አይሆንም» ስለሆነ ሠራተኞቹ «እመት አይሆንም» የሚል ስም አውጥተውላታል። አባባ «ከፍለን እንገላገል ይሆን?» አሏት። «አይሆንም። ከፍለው ያልተከፈተላቸው ብዙ ናቸው። ቢከፈትላችሁም እንደምትከፍሉ ስላወቁ ተመልሰው ይመጣሉ» አለች። አሁን ሁሉም ኮምፒዩተር ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ እሷ አንድ በአንድ ታጸዳለች። እኔ በመካከላቸው ላይ ታች እላለሁ። ምንም አልሠራም፣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

በየት እንደገቡ ገና አልታወቀም። በነገራችን ላይ አንተ እዚያ ሆነህ የሥራ ቤቱን ኮምፒዩተር ትከፍት ነበር እንዴ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እህትህ


ጥር 21

ሚጣዬ፤

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በሁለት ፎቅ መካከል የቆመ አሳንሰር ጣሪያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሥሬ የተዘጋባቸው ሰዎች «ኧረ ፈጠን በል!» እያሉ ይደበድባሉ፣ እኔ ስለ ድድ አነባለሁ። አለቃዬ ቢያየኝ ኖሮ ዛሬ ሥራ ፈት ነበርኩ።

ዋናውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ብለሽ መወርወርሽ አሳቀኝ፣ ቀጥሎም አናደደኝ። እኔ አንቺን የማላውቅሽ መሰለሽ? ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። መግቢያ ስሜ እዚያ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። የጠረጠርሽኝ ነገር ካለ ፊት ለፊት ንገሪኝ።

እንዳትከፍሉ ያለችው ሴትዮ እውነቷን ነው። እዚህ እኔ አሳንሰሩን የምጠግንለት አንድ ድርጅት እንዲሁ ደርሶበት ከፍሎ ነበር። ከተመለሰለት ፋይል ግማሹ አልከፈት ብሎ ቀረ። ይልቅ ሐኪሞቹን ጠይቂያቸው። የላኩላችሁ ልክ እነሱም ዘንድ ይኖራል፣ ደግመው ይላኩላችሁ። ዓይናችሁን በጨው አጥባችሁ ለምኑ፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ባለፈው ስትደውይ ስልኬን ያነሳችው ጎረቤታችን ናት። እጄ ቅባት ሆኖ ነው።

ሳሉ ጉንፋን ነው ወይስ ሌላ? ሐኪም አይቷቸዋል? በስልክ «ደህና ነኝ» ከሚሉት ሌላ አይነግሩኝም፣ አንቺም አጠገባቸው ሆነሽ አዎ ትያለሽ። እኔ ሥራ ላይ ልቤ ተሰቅሎ ነው የምውለው። አንዱን ብሎን አጥብቄ ሌላውን ረስቼ ወርጄ ተመልሼ ወጥቻለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ፣ ምንም አትደብቂኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 4

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሽበት አብቅዬም ሚጣ ትለኛለህ፣ ይሁን። ሳሉ ጉንፋን ነበር፣ ለቋቸዋል። መቆጣትህም ይገባሃል።

ፊት ለፊት ንገሪኝ ብለሃልና ልንገርህ። የገቡት በአንተ ስም ነው።

ካወቅነው ሰንብቷል። እመት አይሆንም ማን መቼ ኮምፒዩተሩን እንደከፈተ የሚያሳየውን አገላብጣ አየችው። ስምህ ጠዋት ሥራ ስንጀምር ይከፈታል፣ ምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ እሑድ እሑድ አይከፈትም። ቫይረሱም ወደ ሁላችን የተሰራጨው ከዚያው ከአንተ ስም ነው። እኔ አንተ መስለኸኝ ነበር። ከሩቅ ሆነህ በራስህ እንዳትፈርድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አልከፈትኩም ካልክ አምንሃለሁ። ታዲያ ማነው?

እመት አይሆንም «ሌባው በወንድምሽ ስም ተቀምጦ በየቀኑ ሲያያችሁ ከርሞ ይሆናል» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል። መሳቢያ ስከፍት እንኳ ዞር እላለሁ።

ስምህ ይዘጋ አለች። ከሥራ የወጣ ሰው ስም ክፍት ሆኖ አይቀመጥም፣ ሕጓ ነው። እኔም ልክ ናት አልኩ። አባባ ግን የያዙትን ጥርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ብድግ አሉ። «ልጄ ከሥራ አልወጣም። ሩቅ ነው ያለው እንጂ ከሥራ አልወጣም።» እሷ «አይሆንም» አለች። እሳቸው «ይሆናል» አሉ። እንዲህ አንድ ቃል እየተወራወሩ ሻይ ሰዓት ደረሰ። እንዲያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ ደግሞ በቁጣ የሚያበቃ አይደለም። የሥራችንን ግማሽ የሚሰጠን ትልቁ ክሊኒክ ሰው ልኮብናል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ባለሙያዋ «በራቸው ሁሉ ተዘግቷል» ብላ ካልፈረመች ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። እሷ ያንተ ስም ክፍት ሆኖ እያለ አልፈርምም ብላለች። ያ ክሊኒክ ከሄደ ሥራ ቤቱ አለቀለት። አባባ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፣ አውቀውም አይሆንም ይላሉ። የእመት አይሆንም ቃል እሳቸውም ላይ ተጋባ!

ሐኪሞቹን እንዳልከኝ ለመንኳቸው። አብዛኞቹ ደግመው እየላኩልን ነው። ቅርጹን ግን ከመጀመሪያው መሥራት አለብን፣ ጥርሳችንን ነክሰን እየሠራን ነው። ቢያንስ እኛ የምንነክሰው አለን።

አንድ ጥያቄ ልጨምርልህ። «ጎረቤታችን» ነው ያልከው። የአንተና የማን ጎረቤት? እኔ ብቻህን የምትኖር መስሎኝ።

እህትህ


የካቲት 16

ሚጣዬ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። አውቶቡስ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ ምግብ ፊት ለፊቴ ቀርቦ፣ እሱኑ አስባለሁ።

እሑድ የሚያርፍ ሌባ የት አገር ነው ያለው? ሥራ ሲገባ ከእናንተ ጋር ይገባል፣ ለምሳ ይወጣል። የአንዳንድ ሠራተኞቻችሁን ያህል እንኳ አያረፍድም። ይህ ሌባ አይደለም ሚጣ፣ የቤት ሰው ነው። ሌቦቹ አንድ ቀን በዚያ በኩል ሾልከው ገብተዋል፣ እሺ። በየቀኑ የሚከፍተው ግን ሌላ ሰው ነው።

የይለፍ ቃሌን የነገርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። የተሸኘሁ ቀን ሻንጣዬ እየተጫነ «ያንተን ሥራ ማየት ብፈልግስ?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አንስተውልኝ አያውቁም፣ እኔም ረሳሁት።

እንዳትጠይቂያቸው። ለሴትዮዋም ገና አትንገሪያት። አንድ ጠዋት ቀድመሽ ግቢና ዝም ብለሽ እዪ። ብሳሳት ደስታዬ ነው።

ስለ ጎረቤቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አሁን አእምሮዬ አልተሰበሰበም።

ወንድምሽ


የካቲት 29

ወንድሜ፤

አልተሳሳትክም።

እመት አይሆንም ያጸዳችውን አንድ ኮምፒዩተር መልሳልን ነበር። ከውጭ ጋር አይገናኝም፣ የሁላችንም ስም ግን እንደነበረ አለበት። ማክሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ በዚህ ዕድሜዬ የጄሶ ከረጢት ኋላ ተደበቅኩ። አባባ መጡ። ካፖርታቸውን ሰቀሉ። ያንተን ወንበር በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። መነጽራቸውን አጥልቀው በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለጉ፣ ስምህን ጻፉ። በስሞቻችን ዝርዝር ላይ ካንተ ስም አጠገብ ያቺ አረንጓዴ ነጥብ በራች። ትንሽ አይተዋት ተነሱና እጃቸውን ታጥበው ሥራቸው ላይ ተቀመጡ። ሌላ ምንም አልነኩም።

እኔ ልብሴ ሁሉ ጄሶ ሆኖ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ይኸውልህ፣ ሁላችንም ያቺን ነጥብ እናያት ነበር። ሠራተኞቹ «ጋሼ ዛሬም ገብቷል» ይላሉ። እኔም ሲደክመኝ አይቻት «አለ፣ ከሩቅ ያየናል» ብዬ እበረታ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ደውዬ አልጠየቅኩህም። ብጠይቅህና አይደለሁም ብትለኝ ምን ይውጠኛል ብዬ ይሆናል።

የባሰው ይህ ነው። ሌቦቹ የገቡበትን ኢሜይል ዛሬ አሳይታኛለች። ለአንተ ተብሎ በሥራ ቤቱ የኢሜይል አድራሻህ የመጣ ነው። «የበረራ ቦታዎ ተረጋግጧል። የሚደርሱበትን ቀን ለማየት ይህን ይክፈቱ» ይላል። ለሺህ ሰው እንደ በራሪ ወረቀት የሚበተን ነው፣ አንተን አስበው የላኩት እንኳ አይደለም አለችኝ። አባባ ግን ስምህን አዩ፣ «የሚደርሱበትን ቀን» የሚለውን አዩ። ከፈቱት።

ያን ሰሞን ፀጉራቸውን ተቆርጠው ነበር። ያንተን ክፍል ቀለም አስቀቡት፣ በሩ አልዘጋ ሲል የነበረውን አስጠገኑት። «ማን ሊመጣ ነው?» ስላቸው ፈገግ ብቻ አሉ። እማማ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ፈገግ ሲሉ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ስክሪኖቹ ተቆለፉ፣ ስለ ክፍሉም ወሬ ቀረ።

አንጀቴን በሉኝ። ምንም አልነገርኳቸውም። መጋቢት ግን እየገባ ነው፣ ክሊኒኩም አይጠብቀንም። በግድ ስምህን ብናዘጋው ሥራ ቤቱ ይተርፍና እሳቸው ይሰበሩብኛል። አንተ ራስህ ዝጉት ካላልክ እጃቸውን አይሰጡም። ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም? «እናያለን» እንዳትለኝ። ነገር አታዙርብኝ።

እህትህ


መጋቢት 11

ሚጣ፤

አላዞርብሽም። ስልኩን ያነሳችው ሚስቴ ናት። ነርስ ናት፣ እጄን ብሎን ቆርጦኝ የሰፋችልኝ እሷ ነች። አብረን መኖር ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ልጅ እየጠበቅን ነው።

ለመኖር አልመለስም። እነሆ ጻፍኩት። ይህቺን አንዲት ቃል ለአባባ ለመናገር ስንት ጊዜ ስልክ እንዳነሳሁ አልነግርሽም። ገና ሰላም ሳንባባል «መቼ ነው?» ይሉኛል። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ስሰማ «እናያለን አባባ» እላለሁ። ሚስቴ አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ስልኩን ስዘጋ ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች።

ስሜን ዝጉት። እኔ ነኝ ያልኩት። ሚስት ማግባቴን፣ ልጁን፣ አለመመለሴን ንገሪልኝ። በስልክ ብሞክረው እንደገና «እናያለን» ብዬ ነው የምወጣው፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለ ኢሜይሉ ግን አንድም ቃል እንዳትነግሪያቸው። ሌቦቹን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ በያቸው። እዚህ ሆኖ የማይነካውን ነካ፣ ዝርክርክ ነው፣ የፈለግሽውን በይ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን ሥራ ቤት በገዛ እጃቸው ሊያሳጡት እንደነበር ሲያውቁ ማየት አልችልም። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ቢቆጡኝ እችለዋለሁ።

መልስሽ እስኪደርሰኝ እንዴት እንደምቆይ እንጃ።

ወንድምሽ


መጋቢት 24

ሙሽራው!

ዓመት ሙሉ! የሥጋ ዘመድህ ነኝ ወይስ የጎረቤትህ ጎረቤት? ባገኝህ ጆሮህን ነው የምጎትተው። እንኳን ደስ ያለህ። ለሚስትህም ስልክ ደውዬ «ጎረቤታችን እንዴት ነሽ?» ነው የምላት፣ አስጠንቅቃት።

እንዳልከኝ አደረግኩ። እሑድ ከምሳ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሚስትህ ስነግራቸው «ነርስ ናት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አትመለስም ስላቸው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ከዚያ ውሸቴን ጨመርኩበት። «ሌቦቹም የገቡት በእሱ ዝርክርክነት ነው፣ ራሱ አምኗል» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ ተይው» አሉኝ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ደግሞ ጠርጥሬ ነበር። ልጄ ትኬት ቢቆርጥ ለእኔ ይደውላል እንጂ ለኮምፒዩተር አይነግርም። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ቀኑን ብቻ አይቼ ልዝጋው ብዬ ነው።»

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሰኞ እመት አይሆንም ስትመጣ አባባ ራሳቸው ወንበርህ ላይ ተቀምጠው የቱን እንደሚነኩ ጠየቋት። አሳየቻቸው፣ ነኩት። ስምህ ከዝርዝሩ ወጣ። «አንድ ቀን ቢመለስና መሥራት ቢፈልግስ?» አሏት። ሠራተኛው ሁሉ መልሷን በልቡ አስቀድሞ ጨርሶታል። እሷ ግን ጎንበስ ብላ «ያን ጊዜ አዲስ ስም እከፍትለታለሁ» አለቻቸው። ወረቀቱን ፈረመች። ክሊኒኩ ከእኛ ጋር ቀረ። ሁለት ትንንሾች ግን ጥለውን ሄደዋል።

አሁን ከአንድ በላይ ኮፒ አለን። አንዱ ተነቅሎ እኔ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው፣ በየወሩም ከእሱ መልሰን መሥራቱን እንሞክራለን። ኮምፒዩተር የሚከፍት ሁሉ በስልኩ የሚመጣለትን ቁጥር ካላስገባ አይከፈትለትም። እንግዳ መልእክት የደረሰው ሰው ላኪ ለተባለው ደውሎ ድምፁን ሳይሰማ አይነካውም። አባባ ይህን የመጨረሻውን ሕግ ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ።

አሁን ጠዋት ሲገቡ ካፖርታቸውን ሰቅለው ይቆማሉ። የት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስላሉ። ተነስቼ የሆነ ያልሆነውን አወራቸዋለሁ፣ ሻይ አመጣለሁ፣ መልሼ እወስዳለሁ። ትናንት «ሕፃኑ መቼ ነው የሚወለደው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነትም አልነገርከኝም።

ቀን ስጣቸው። ለመኖር አትምጣ፣ ግድ የለም። ለሳምንትም ቢሆን ና፣ የምትመጣበትንም ቀን ጻፍላቸው። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ጻፍ። በእጅህ።

እህትህ


ሚያዝያ 6

ይድረስ ለአባቴ፤

አባባ፣ ልጁ በግንቦት መጨረሻ ይወለዳል ብለውናል። በጤና ከተገላገለች ባለቤቴ፣ ልጁና እኔ ነሐሴ 12 ጠዋት እንደርሳለን። የምንቆየው ሦስት ሳምንት ነው፣ ከዚያ እንመለሳለን። የመሄጃችንን ከአሁኑ የጻፍኩልዎ መምጫችንን ብቻ ይዘው እንዳይጠብቁ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ይህን ቀደም ብዬ በአፌ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።

ባለቤቴ እርስዎን ለማየት ቸኩላለች። አንዱን የኋላ ጥርሷን እንዲያዩላትም ትፈልጋለች፣ እዚህ የሠሩላት አልተመቻትም።

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ይደውሉልኝ። ቀኑን በድምፄ እደግምልዎታለሁ። የሚለወጥ ነገር ቢኖርም የምደውልልዎ እኔው ራሴ ነኝ። ከዚህ ሌላ በእኔ ስም ሌላ ቀን የሚልክልዎ ቢመጣ፣ እኔ አይደለሁም አባባ፣ አይክፈቱት።

ልጅዎ